ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በአውሮፕላን ማረፊያው የሻንጣ መረከቢያ አዳራሽ ውስጥ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው አንዲት ሴት የአንድ ረጅም ተሸካሚን እጅጌ በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘው «አልለቅም» ይሉ ነበር። ኢንስፔክተሩ ከበው የቆሙትን ተጓዦች እየገፋ ሲደርስ እጅጌው ከትከሻው ተተርትሮ እጃቸው ላይ ቀርቷል። ሴትዮዋ የቀደዱትን አዩ፤ ተሸካሚውም የተራቆተ ክንዱን አየ። ሁለቱም ለአፍታ የጠብ ነገር ጠፋባቸው።

«እጅጌውን ለእኔ ይስጡኝና ይንገሩኝ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ምን ሆኑ?»

«የልጄ የሠርግ ልብስ ተሰረቀ። ሠርጉ ዛሬ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት።»

ኢንስፔክተሩ በዚያ ማረፊያ የፖሊስ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት አገልግሏል። ሳይጽፍ የሚያልፈው ነገር ስለሌለ ባልደረቦቹ «አባ ዝርዝር» ይሉታል። ሌት ተቀን የሚነሡና የሚያርፉ አውሮፕላኖች መስኮቱን ሲያንቀጠቅጡት ኖሯል፤ እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ተሳፍሮ አያውቅም። የእጁን ሰዓት አየ። ከማረፊያው እስከ ሠርጉ አዳራሽ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ ልብስ ለመተኮስ፣ ሙሽራ ለማልበስ ሌላ አንድ ሰዓት። ቢዘገይ ቢዘገይ ሴትዮዋ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከዚህ መውጣት አለባቸው።

«ሻንጣውንም፣ ተሸካሚውንም፣ እናታችንንም ወደ ቢሮ» ሲል ረዳቱን አስር አለቃዋን አዘዘ።

*

ቢሮው ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ አምስት ደቂቃ የሚቀድም የግድግዳ ሰዓት። ሻንጣው ክዳኑ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ሴትዮዋ የመጡት ከጎረቤት አገር ነው፤ ቋንቋው አንድ ሆኖ የአነጋገራቸው ዜማ ብቻ ለየት ይላል።

«ሥራዎ?»

«ልብስ ስፌት። አርባ ዓመት የሰው ልጅ ስሞሽር ኖሬ ዛሬ ተራው የልጄ ነበር።»

«ከአገርዎ ሲወጡ ስንተኛ ጊዜዎ ነው?»

«የመጀመሪያዬ ነው፣ ወንድሜ። የፓስፖርቱ ልጅ ‹ስንት ቀን ይቆያሉ?› ሲለኝ ‹ልጄ እስክትሰለቸኝ› አልኩት። ሳቀና ማኅተሙን መታልኝ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም መልካም ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ደረጃው መጣ።»

«የትኛው ደረጃ?»

«የሚሄደው። እኔ ቆሜ ደረጃው ሲሄድ ሳየው እግሬ እምቢ አለኝ። የማይሄድ ደረጃ ፍለጋ ሦስት ሰው ጠየቅሁ፤ ሦስቱም ወደዚያው መለሱኝ። ኋላ አንዲት ጽዳት ሠራተኛ በጓሮ በኩል አወረደችኝ። ስደርስ ሻንጣ የሚያዞረው ጎማ ቆሟል፤ ሰው ሄዷል፤ ሻንጣዬ ከዚያ ረጅም ሰውዬ እግር ሥር ቆማለች። ልቤ ስላላመነው እዚያው ከፈትኳት። ልብሱ የለም።»

ኢንስፔክተሩ ቁልፉን በብርሃን አገላብጦ አየው። ጭረት እንኳ አልነበረበትም።

«መክፈቻው የት ነበር?»

ሴትዮዋ ከአንገታቸው ላይ በክር የተንጠለጠለ ትንሽ መክፈቻ መዘዙ።

«ማነው የቆለፈው?»

«ባለቤቴ። ልብሱን እኔ በእጄ ከሁሉ በላይ አስተኛሁት። ጎረቤት ሊሰናበተኝ መጣና ሳሎን ወጥቼ ብዙ ቆየሁ። እሱ ክዳኑ ላይ ተቀምጦ ቆለፈና መክፈቻውን አንገቴ ላይ አሰረልኝ። ሶፋ ሠሪ ስለሆነ የጠበበ ነገር መዝጋት ያውቅበታል።»

«ልብሱ ሻንጣው ውስጥ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነበር?»

«ማንም።»

ተሳፋሪዎችን ስታነጋግር የቆየችው አስር አለቃ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አጠገብዎ ለተቀመጠችው ሴት አልነገሩም?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ለእሷማ ነገርኳት።»

«ከፊትዎ ለነበሩት?»

«ዘወር ብለው ሲጠይቁኝ ዝም ልበላቸው?»

«ለአስተናጋጇስ?»

«ጨርቅ የምታውቅ ልጅ ናት። ዶቃው በእጅ መሰፋቱን ስነግራት እንባ ቀረሽ ሆነች።»

ኢንስፔክተሩ በመዝገቡ ላይ፣ «ስለ ንብረቱ የሚያውቁ ሰዎች» በሚለው ረድፍ፣ «አውሮፕላኑ በሙሉ» ብሎ ጻፈ።

«ለባለቤትዎ ልደውልላቸውና ልጠይቃቸው።»

«እባክህ እንዳታደርገው። ልቡ ታማሚ ነው፤ ሐኪሙ አውሮፕላን የከለከለው ለዚያ ነው። ልብሱ ጠፋ ካልከው ከተቀመጠበት አይነሣም። ለልጄም እንዳትነግሯት፤ ደጅ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው። ሙሽራ በሠርጓ ቀን አታለቅስም።»

ሁለቱም ልመና ከፍቅር የመጣ ስለሆነ ኢንስፔክተሩ ሁለቱንም ተቀበለ። ኋላ እንደታየው፣ ያን ቀን ሦስት ሰዓት ሙሉ ያንከራተተው ይኸው ደግነቱ ነው።

አስር አለቃዋ ሙሽራዋን ለማረጋጋት ወጥታ ወዲያው ተመለሰች።

«‹እናትሽ ቅጽ ሲሞሉ ዘገዩ፤ ደህና ናቸው› አልኳት።»

«ምን አለች?»

«‹ትራሱን እንዳትረሳ ንገሪልኝ› አለችኝ።» አስር አለቃዋ ፈገግ አለች። «ፀጉሯን ተጠቅልላ መጥታ ስለ ትራስ ታስባለች። ሙሽራ መሆን እንዴት ያለ ነገር ነው።»

ሻንጣው ውስጥ በእርግጥ ሁለት የተጠለፉ ትራሶች አሉ፤ አንዱ ለሙሽራዋ፣ አንዱ ለሙሽራው። ከእነሱ ሌላ ለአማች የተሰፉ አምስት ሸሚዞች፣ የሴትዮዋ የክት ቀሚስና የእንጨት የስፌት ሣጥን ነበሩ። አስር አለቃዋ ትራሶቹን ተጫነቻቸው፤ ሁለቱም ለስላሳ ናቸው። ከተቀመጡበት ሳታነሣ ተወቻቸው።

*

የካሜራው ምስል ተሸካሚውን አላዳነውም። ሻንጣዋን ከሚዞረው ጎማ ላይ ያነሣል፤ ግራ ቀኝ ያያል፤ ወደ ሰፊው አምድ ጀርባ ይወስዳታል። ከዚያ ሰባት ደቂቃ ሙሉ አምዱ ብቻ ይታያል።

«እዚያ ምን ስትሠራ ነበር?»

«ቆሜ ነበር» አለ ተሸካሚው። አንድ እጅጌ አልባ ሆኖ ተቀምጧል።

«ሰባት ደቂቃ?»

«አምድ ነው፣ ጌታዬ። የሚያስቸኩል ነገር የለውም።»

«አትቀልድ። ስንት ዓመት ሠርተሃል እዚህ?»

«ዘጠኝ።»

«በዘጠኝ ዓመት አንድም አቤቱታ የለብህም፤ ፋይልህን አይቻለሁ። እንግዲህ ንጹሕ ሰው ሰባት ደቂቃ የት እንደዋለ ለመናገር ምን ይከብደዋል?»

ተሸካሚው ወለሉን አየ። «ብናገር ሥራዬን አጣለሁ።»

«ካልተናገርክ ግን ስምህን ታጣለህ።»

አስር አለቃዋ ኪሱን ስትፈትሽ ከሱሪው ኪስ አጭር ካቻቢቴ አወጣች። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ስለትና የሾለ መሣሪያ ይዞ መገኘት ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ተሸካሚዎች ይህን በየዓመቱ እየፈረሙ ያድሳሉ።

«ይኸው» አለች አስር አለቃዋ በሹክሹክታ። «መሣሪያውም ተገኘ።»

ኢንስፔክተሩ ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ቁልፉን ደግሞ አየው። አንድም ጭረት የለም። ሰውየው ጥፋት እንዳለበት ግልጽ ነው፤ ጥፋቱ ይኸኛው ስለመሆኑ ግን ልቡ አልተቀበለውም።

*

በአውሮፕላኑ ላይ ከሴትዮዋ አጠገብ የተቀመጠችው ተጓዥ ከታክሲ ሰልፍ ላይ ተመለሰች። ሻንጣዋ በቀለምም በመጠንም የልብስ ሰፊዋ መንትያ ነበር። ሲከፈት ሦስት ነጭ የሙሽራ ቀሚሶች ታጥፈው ታዩ።

አስር አለቃዋ ትንፋሿን ዋጠች።

«የሙሽራ ልብስ አከራይ ነኝ» አለች ተጓዧ። «እኔ ሻንጣ ውስጥ ሌላ ምን ሊገኝ ኖሯል፣ ድንች?»

ልብስ ሰፊዋ ተነሥተው የቀሚሶቹን ጠርዝ አንድ በአንድ በጣታቸው ዳበሱ።

«የእኔ አይደለም» አሉ። «ይህን የሰፋችው ሴት ርቧት ሳይሆን አልቀረም። ይህኛውን ደግሞ የሰፋው ሰው ከሚስቱ ጋር ተጣልቷል።»

አከራይዋ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። «እውነትም ሳይጣላ አልቀረም። ክሩ ሁሉ በየአጋጣሚው ይበጠሳል።» ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስሙኝ፣ እትዬ። ከሦስቱ ደህናውን ይውሰዱ። ኪራይ አልጠይቅም፤ ሁለት ሰዓት በረራ ሙሉ ስለዚያ ልብስ ሰምቼ እኔም ዘመድ ሆኛለሁ።»

ሴትዮዋ ነጩን ቀሚስ ይዘው ቆዩ። «ስድስት ዓመቷ ሳለ» አሉ ለማንም ሳይሆን፣ «የሰው ሙሽራ ልብስ ስሰፋ እግሬ ሥር ተቀምጣ የወደቀ ዶቃ ትለቅም ነበር። ‹የእኔንስ መቼ ነው?› ስትለኝ ‹ዶቃው ሲበቃልሽ› እላታለሁ። በብርጭቆ አጠራቀመችው። ልብሱ ላይ ያለው ያ ዶቃ ነው።» ቀሚሱን በጥንቃቄ አጠፉት። «እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ካልተገኘ አመስግኜ እወስዳለሁ። ልጄ ያለ ልብስ አትዳርም።»

የግድግዳው ሰዓት ስድስት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶታል፤ እውነተኛው ሰዓት ደግሞ ሩብ ጉዳይ።

*

ኢንስፔክተሩ ሻንጣውን ከነዕቃው ዘግቶ ወለሉ ላይ አወረደው። ሐሳብ ሲጠፋበት ቢሮውን መዞር ልማዱ ስለሆነ፣ ሳያስበው ሻንጣውንም እየጎተተ ዞረ።

«ይህቺ ሻንጣ የእኔ ናት?» አሉ ሴትዮዋ ድንገት።

«ምነው?»

«የእኔ ጎማ ከቤቴ ደጅ ጀምሮ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ነው የመጣው። መንገደኛው ሁሉ ዘወር እያለ ያየኝ ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ቆመ። ሻንጣውን ወደፊት ገፋው፤ ወደኋላ ሳበው። ድምፅ የለም። በጉልበቱ ተንበርክኮ ጎማዎቹን መረመረ። ከአራቱ የአንደኛው ብሎን አናት ከላዩ ላይ አቧራው ተፍቆ አብረቅርቋል። ካቻቢቴውን ከጠረጴዛው አንሥቶ ገጠመው፤ ልክክ አለ።

«ተሸካሚውን ጥሪልኝ።»

ሰውየው ሲገባ ኢንስፔክተሩ ገና ወለሉ ላይ ነበር።

«ጎማውን አንተ ነህ ያጠበቅኸው?»

ተሸካሚው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «ሻንጣዋ እየተንገዳገደች ወጣች። ባለቤቷ ሳትመጣ ቀረች። ምናልባት አሮጊት ትሆናለች፣ በዚህ ጎማ እንዴት ትጎትታለች ብዬ…»

«አሮጊት?» አሉ ሴትዮዋ።

«አላየሁዎትም ነበር፣ እናቴ።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ጎማ ስትጠግን ኖረሃል?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ሲያለቅስ መስማት አልወድም።»

ሴትዮዋ ጠረጴዛው ላይ የተጋደመውን እጅጌ አዩት። ቀስ ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ ወዲያ ለጥቂት ጊዜ ቀና ብለው ማንንም አላዩም።

*

እንግዲህ ተሸካሚው ነጻ ወጣ፤ አከራይዋም ነጻ ናት፤ ቁልፉ አልተነካም። ኢንስፔክተሩ ሌባ አጥቶ አያውቅም ነበር፤ አሁን ግን ለሌባው የሚሆን በር እንኳ አጣለት። ዓይኑ በሻንጣው እጀታ ላይ በተንጠለጠለው የጉዞ ወረቀት ላይ አረፈ። ሻንጣው ሲነሣ የተመዘነበት ቁጥር ታትሞበታል፦ ሃያ ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም።

«ልብሱ ስንት ይመዝናል?»

«ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም» አሉ ሴትዮዋ ሳያስቡ። «የሻንጣው ሚዛን እንዳያልፍብኝ ሥጋ ቤት ወስጄ አስመዝኜዋለሁ።»

«ሥጋ ቤት? የሙሽራ ልብስ?»

«በንጹሕ አንሶላ ጠቅልዬ ነዋ። ባለ ሥጋ ቤቱም እጁን ሁለት ጊዜ ታጥቧል።»

ሻንጣውን ወደ መንገደኞች መመዝገቢያው ሚዛን ወሰዱት። ጎማው ድምፅ ሳያሰማ ተከተላቸው። ተሸካሚው በአንድ እጅጌው አንሥቶ አስቀመጠው፤ አከራይዋን ጨምሮ አምስቱም ጎንበስ ብለው አዩ።

ሃያ ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ።

«አውርደህ እንደገና» አለ ኢንስፔክተሩ።

ሃያ ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ።

«ሌባው በምትኩ ሌላ ዕቃ ከትቶ ይሆናል» አለች አስር አለቃዋ።

«እትዬ፣ ሻንጣው ውስጥ የእርስዎ ያልሆነ ነገር አለ?»

«ከሸሚዝ እስከ መርፌ ሁሉም የእኔ ነው።»

«የጎደለ ነገርስ፣ ከልብሱ በቀር?»

«ምንም።»

ኢንስፔክተሩ መዝገቡን ከደነው። ሃያ ሁለት ዓመት የመዘገበው ዝርዝር ሁሉ ያን ሰዓት ከአንድ ቁጥር አልበለጠበትም። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ከሻንጣው ወጥቶ ቢሆን ሚዛኑ ይቀል ነበር። ሚዛኑ አልቀለለም። እንግዲህ ልብሱ ከሻንጣው አልወጣም።

«አስር አለቃ» አለ በዝግታ፣ «ሙሽራዋ ምን ነበር ያለችሽ?»

«‹ትራሱን እንዳትረሳ›…» አስር አለቃዋ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ኢንስፔክተሩ ሻንጣውን ከፍቶ ሁለቱን ትራሶች በሁለት እጁ አነሣ። የግራው ቀለለ፤ የቀኙ ክንዱን ወደ ታች ሳበው። የቀኙን ለሴትዮዋ ሰጣቸው። እሳቸውም የትራሱን ስፌት ወደ ብርሃን አዙረው አዩ፤ በጣታቸው ዳበሱት፤ ፊታቸው ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ሦስቱ ጎን የእኔ መኪና ስፌት ነው» አሉ። «ይህ አራተኛው ግን በእጅ፣ በቆልማማ መርፌ የተሰፋ ነው። የሶፋ ስፌት ነው።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህ ሰውዬ።»

አስር አለቃዋ በዚያ ጠዋት ደጅ ላይ ከተያዙ ዕቃዎች ሣጥን ውስጥ ነጭ ሪባን የታሰረበት መቀስ ይዛ እየሮጠች መጣች። ሴትዮዋ እጃቸውን አወዛወዙ።

«መቀስ አያስፈልገውም። አርባ ዓመት ሲሰፋ አይቼዋለሁ፤ ጫፉን ካገኙለት ራሱ ይከፈታል።»

ጫፉን አገኙት፤ ሳቡት። ክሩ ከዳር እስከ ዳር እየተፈታ መጣ፤ ትራሱም ተከፈተ። ከዙሪያው ጥጥ፣ ከጥጡ ውስጥ ስስ ወረቀት፣ ከወረቀቱ ውስጥ ነጭ ልብስ ወጣ። ሲዘረጋ አንዲት መጨማደድ አልነበረችበትም። የዶቃው ብርሃን የመመዝገቢያውን ቆርቆሮ ጠረጴዛ ነጠብጣብ በነጠብጣብ አደረገው። ተሰልፈው የነበሩት መንገደኞች ጉዳዩን ባያውቁም አጨበጨቡ። አከራይዋ ከሁሉ ቀድማ ነበር ያጨበጨበችው።

*

ኢንስፔክተሩ ደወለና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ የሰውየው ድምፅ ቢሮውን ሞላው።

«ደረሽ?»

«ደረስኩ።»

«ትራሱን ከፈታችሁት?»

«አንተ ሰውዬ፣ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ አውሮፕላኑ በሙሉ ይሰማው ነበር።»

ኢንስፔክተሩ መዝገቡን ገለጥ አድርጎ የራሱን ጽሑፍ አነበበ፤ አስር አለቃዋም በትከሻው ላይ አነበበች። ሁለቱም ጣሪያውን አዩ።

«በየአገሩ ሻንጣ ይበረበራል ሲሉ ሰምቼ ነው» አሉ ባልየው። «ትራስ የሚሰርቅ የለም ብዬ።»

«አንተ ሌባ ፈርተህ እኔ ንጹሕ ሰው ሌባ አልኩ። ጎማዬን የጠገነልኝን ሰው። እጅጌውን ገንጥዬ።»



«ስፊለታ» አሉ ባልየው።

«አንተ ሳትነግረኝ።»

ስድስት ሰዓት ከሃያ ሆኖ ነበር። ኢንስፔክተሩ ወደ ሰዓቱ ጠቆመ፤ ሴትዮዋ ግን የእንጨት ሣጥናቸውን ከፍተው መርፌ አውጥተዋል።

«የሰው ልብስ ቀድጄ የልጄን ልብስ ይዤ አልወጣም» አሉ። «ና ተቀመጥ፣ አንተ ረጅም። አትነቃነቅ።»

ተሸካሚው ተቀመጠ። መርፌው ይገባል፣ ይወጣል፤ ክሩ ይከተለዋል።

«አሮጊት ያልከኝን ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ።

«ሌባ ያሉኝን እኔም፣ እናቴ።»

«ያንተ ይከብዳል።»

«የእርስዎ እጅ ቀላል ነው፤ ተቻችሏል።»

ኢንስፔክተሩ ካቻቢቴውን አነሣ። «ሕግ ሕግ ነው» አለ። «ይህ ወደ አዳራሹ አይመለስም። ከነገ ጀምሮ በእኔ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ጎማ ሲያለቅስ ከሰማህ ሻንጣውን ይዘህ ወደዚህ ትመጣለህ፤ ከአምድ ጀርባ አይደለም።»

ተሸካሚው ሊመልስ ሲል «አትነቃነቅ» ተባለ።

ሴትዮዋ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና ኢንስፔክተሩን አዩት። «አንተስ እዚህ ስትኖር ስንት አገር አየህ?»

«በሃያ ሁለት ዓመት አንድም።»

«ሃያ ሁለት ዓመት በሩ ላይ ቆመህ? ደረጃው ነው የሚያስፈራህ?»

አስር አለቃዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

*

ልክ በስድስት ሰዓት ተኩል የመውጫው በር ተከፈተ። ሴትዮዋ ልብሱን በሁለት ክንዳቸው ታቅፈው ወጡ። ከኋላቸው ተሸካሚው በሁለት እጅጌው ሻንጣውን እየገፋ፣ ከእሱ ኋላ አከራይዋ ማንም ሳይጋብዛት ተከተለች። ፀጉሯን የተጠቀለለች ሙሽራ ከአጥሩ ጀርባ ስትሮጥ መጣች፤ እናቷን ከነልብሱ አቀፈቻቸው። ከዚያ ነው ቀና ብላ የጠየቀችው፦

«ትራሱን ማን ከፈተልሽ? አባዬ ነግሮኝ መቀስ ይዤ መጥቼ ነበር፤ በር ላይ ወሰዱብኝ።»

ኢንስፔክተሩ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። በእጁ የያዘውን መቀስና መቀሱ ላይ የታሰረውን ነጭ ሪባን አየ። ሳቁ ከየት እንደመጣ ሳያውቀው መጣ፤ አስር አለቃዋም እሱ ሲስቅ ስታይ የመጀመሪያዋ ስለሆነ ደንገጥ አለች። በደንቡ መሠረት በር ላይ የተያዘ ዕቃ ለባለቤቱ የሚመለሰው ከአዳራሹ ውጭ ነው። ኢንስፔክተሩ ደንብ አፍርሶ አያውቅም፤ ስለዚህ በሩን ተሻግሮ ወጣ።

«አንተም መጣህ?» አሉ ልብስ ሰፊዋ።

«መቀሱን ላደርስ ነው።»

«ሠርጉ ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

ኢንስፔክተሩ መቀሱን ለሙሽራዋ በሁለት እጁ ሰጣት፤ ኮፍያውን አስተካከለ፤ እንደ ልማዱም ዝርዝሩን ተናገረ።

«ፈረቃዬ ስምንት ሰዓት ያልቃል» አለ። «መንገዱ አንድ ሰዓት ነው። እደርሳለሁ።»